«ደስ አለኝ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ለዓመታት ዕቁብ ጥዬ ባጃጅ ገዛሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማታ ማታ እየወጣሁ በጨርቅ እወለውላት ነበር፤ አሁን ግን ጭቃዋም አይታየኝም። በታኅሣሥ ገብርኤል ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናትን ያለ ሒሳብ ቤታቸው ባደርሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ። በንብረቴ መደሰቴ ኃጢአት ሆኖብኝ ይሆን ደስታው የጠፋው?

መልስ፦ ኃጢአት አልሆነብዎትም። ሰው በድካሙ ፍሬ ደስ ቢለው ይህ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን መጽሐፈ መክብብ ያስተምራል (3፥13)፤ ባጃጇም የላብዎ ዋጋ ናት።

እስቲ የገዛ ቋንቋችንን እናስተውል። «ራበኝ፣ ጠማኝ» እንደምንለው ሁሉ «ደስ አለኝ» እንላለን። «ተደሰትሁ» ማለት ብንችልም ሳንጠነቀቅ ስንናገር ከአፋችን የሚወጣው «ደስ አለኝ» ነው፤ በዚህ አነጋገር ደስታ ወደ ሰው ይመጣል እንጂ ሰው አይሠራውም። ቅዱስ ጳውሎስም ደስታን ከመንፈስ ፍሬዎች ይቆጥረዋል (ገላ 5፥22)፤ ገበሬ ይኮተኩታል፣ ያጠጣል እንጂ ፍሬውን ከዛፉ ጎትቶ አያወጣውም።

የባጃጇ ደስታ የቀዘቀዘው ዓይን የለመደውን ስለማያይ ነው፤ ይህ የሁላችንም ጠባይ ነው። የሚያሰጋው ሰው የለመደውን ትቶ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ እያለ ደስታን በዕቃ ብቻ ሲያሳድድ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተጻፈው ባለጸጋ «ፍሬዬ፣ ጎተራዬ፣ ነፍሴ» እያለ ከራሱ ጋር ብቻ ይነጋገራል፤ በንግግሩ ሁሉ እግዚአብሔርም ጎረቤትም የሉበትም። በምዕራፍ 15 ግን የጠፋ በጉን ያገኘው ሰው ወዳጆቹንና ጎረቤቶቹን ጠርቶ «ከእኔ ጋር ደስ ይበላችሁ» ይላል። እርስዎም እኚያን እናት በጫኑ ጊዜ ያችው ባጃጅ ከጎተራነት ወጥታ ነበር።

ደስታ ኀዘንን የሚያስቀር አይምሰልዎ። በታኅሣሥ ገብርኤል የምናስባቸው ሠለስቱ ደቂቅ፣ ወደ እሳት የተጣሉት ሦስቱ ወጣቶች፣ ያመሰገኑት በእሳቱ ውስጥ ሆነው ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስም «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» ብሎ የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው። «ክርስቲያን አያዝንም» የሚሉ አንዳንድ ሰባክያንን ስሰማ እገረማለሁ፤ ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አልቅሷልና። ኀዘኑ ለሳምንታት ቆይቶ እንቅልፍና ምግብ የሚከለክል ከሆነ ደግሞ ለንስሐ አባት ከመንገርና ከጸሎት ጋር ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል፤ ይህ የእምነት ጉድለት አይደለም።

በዘወትር ጸሎታችን የቅዱስ ገብርኤልን ሰላምታ ይዘን እመቤታችንን «ተፈሥሒ ፍሥሕት» እንላታለን፤ ደስ ይበልሽ ማለት ነው። ይህን ጸልየው፣ አማትበው፣ ሞተሩን ሳያስነሡ ስለ ባጃጇ ያመስግኑ፤ የለመዱትን ዳግመኛ ማየት ከዚያ ይጀምራል። በእሑድ አንድ ደካማ ሰው በነጻ ቢያደርሱም መልካም ነው፤ «ያን ደስታ ላግኝበት» ብለው ካደረጉት ግን በሌላ መንገድ ሒሳብ መቀበልዎ ነው። እኚያን እናት ዳግመኛ ካገኟቸው የክርስትና ስማቸውን ጠይቀው በጸሎት ያስቧቸው፤ የእርስዎንም ይንገሯቸው።