አምፔሩ የወረደው ሴሉ ስለሳሳ ነው?

በድሬዳዋ ሳቢያን ሱቅ ያላቸው አንድ ጠያቂ በቅርቡ ከገዙት ባለ 100 ዋት ሶላር ፓነል በእኩለ ቀን ወደ ባትሪው የሚገባው 3 አምፔር ብቻ መሆኑን ገልጸዋል። የጎረቤታቸው አሮጌ ፓነል፣ ዋቱ እኩል ሆኖ፣ ዛሬም 5 አምፔር ይሰጣል። «የአሁኖቹ ሴሎች ስለሳሱ ነው ይሉኛል፤ እውነት ነው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ሴሎቹ፣ ማለትም በፓነሉ ውስጥ ተደርድረው ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት የሲሊከን ቁርጥራጮች፣ መሳሳታቸው እውነት ነው። ሲሊከን ከ1,400 ዲግሪ በላይ ቀልጦ ከረጋ በኋላ በቀጭን ሽቦ የሚሸነሸን ውድ ዕቃ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ገደማ የአንዱ ቁራጭ ውፍረት ወደ 300 ማይክሮሜትር (አንዱ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ይጠጋ ነበር፤ ዛሬ በብዛት የሚሠራው ከ130 እስከ 180 ማይክሮሜትር ባለው መካከል ነው። በአልማዝ ቅንጣት የተለበጠው ሽቦ ከመጣ ወዲህም እንደ ሰጋቱራ ሆኖ የሚባክነው ሲሊከን በእጅጉ ቀንሷል። ዋጋው የረከሰበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሲሊከን ቀዩንና ከቀይ ወዲያ ያለውን የማይታይ ብርሃን ቶሎ ስለማይውጥ፣ ሴሉ ሲሳሳ የዚህ ብርሃን ከፊሉ ሳይያዝ ሊያልፍ ይችላል። ሠሪዎቹ ግን የፊቱን ገጽ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ፒራሚዶች ያሻክሩታል፣ በስተጀርባም ብርሃኑን የሚመልስ ንጣፍ ያደርጋሉ፤ ብርሃኑ ውስጥ ለውስጥ እየተመላለሰ ይዋጣል። ስለዚህ በደንብ የተሠራ ስስ ሴል ከቀድሞው ወፍራም ሴል ሊበልጥ እንጂ ሊያንስ አይገባውም። ድክመቱ ሌላ ነው፦ ፓነሉ ሲታጠፍ ወይም ሲረገጥ፣ መስታወቱ ምንም ሳይሆን ሴሉ ከውስጥ ይሰነጠቃል። እኔ በብዛት የማየው ባጃጅ ጣራ ላይ በገመድ ታስሮ የመጣ፣ አለዚያም ሮቶ ሊያጥብ የወጣ ሰው የቆመበት ፓነል ነው።

ይህን ከመጠርጠርዎ በፊት አቧራውን ይጥረጉ፤ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ በነፋስ የሚመጣውን ማለቴ ነው። ባትሪው የሞላ ከሆነም የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር ራሱ አምፔሩን ስለሚቀንስ፣ የሚለኩት ባትሪው ጎድሎ ሳለ ይሁን።

ከዚያ ቴስተሩን ያውጡ። ባለ 36 ሴል ፓነል ከኮንትሮለሩ ተነቅሎ በድሬዳዋ ሙቀት ከ19 እስከ 21 ቮልት ቢያሳይ ጤነኛ ይመስላል፤ ግማሹን ብቻ ካሳየ ከጀርባው ሳጥን ውስጥ ያለ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ፤ ለእያንዳንዱ የፓነል ግማሽ አንድ አለ) ተቃጥሎ ሾርት ሆኗል ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ በትንሽ ዋጋ ይቀየራል። ሁለቱን ገመዶች አገናኝተው የሚለኩት አምፔር ግን ያታልላል። አንድ ሴል ቢሰነጠቅም ኤሌክትሪኩ በዳዮዱ በኩል የታመመውን ግማሽ አልፎት ስለሚሄድ፣ ደህናው ግማሽ ከ5 አምፔር በላይ ያሳይዎታል፤ ባትሪ ላይ ሲገጠም ግን ግማሹ ብቻውን 12 ቮልት ስለማይደርስ፣ ሁሉም ሴሎች የደካማውን ያህል ብቻ ያሳልፋሉ። የእርስዎ 3 አምፔር ይህን ይመስላል።

ደካማውን ሴል ለማግኘት አንድ ቁራጭ ካርቶን ይበቃዎታል። ፓነሉ ባትሪውን እየሞላ ሳለ የእያንዳንዱን ሴል ሩብ ያህል ተራ በተራ እየሸፈኑ አምፔሩን ይመልከቱ። በጤነኛ ሴል ላይ ቁጥሩ እምብዛም አይነቃነቅም፤ የታመመው ሴል የሚሠራው ክፍል ሲሸፈን ግን ወዲያውኑ ይወርዳል። ቦታውን ከያዙ በኋላ በሰያፍ ብርሃን ሲያዩት አንዳንዴ ቀንድ አውጣ የሄደበት የሚመስል ቡናማ መስመር ያገኛሉ።

ሙቀቱም ድርሻ አለው። በፓነሉ ላይ የተጻፈው 100 ዋት ሴሉ 25 ዲግሪ ሲሆን የተለካ ነው፤ በሰኔ ቆርቆሮ ላይ ተለጥፎ 65 ዲግሪ ቢደርስ፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ እየቀነሰ 84 ዋት ላይ ይቆማል። ከቆርቆሮው በአንግል ብረት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ይግጠሙት፣ ነፋስ ከሥሩ እንዲያልፍ። ይህ ግን 5 አምፔርን ወደ 3 አያወርድም።

የተሰነጠቀ ሴል አይጠገንም፤ መስታወቱን ለመክፈት የሚሞክር ካለ ገንዘብዎን አይስጡት። ሌላ ፓነል ሲገዙ ጎድሎ ያለ ባትሪ፣ ኮንትሮለርና ቴስተር ይዘው ይሂዱ፤ ከሱቁ ደጅ ፀሐይ ላይ ገጥመው ወደ ባትሪው የሚገባውን አምፔር ሳያዩ አይክፈሉ፤ ወደ ቤትም አቁመው፣ በሁለቱም ወገን ካርቶን አድርገው ይውሰዱት።