መመዝገብና መከለል አንድ አይደሉም፤ ለበለሳው ወንድማችን

«በቀበሌያችን የጥንት ግንብ ፍርስራሽ አለ፣ ዙሪያው የድሮ ጫካ ነው፤ የቅርስ ፓርክ ተብሎ በሕግ እንዲከበር ከየት እንጀምር?» ብለህ የጠየቅከው የበለሳው ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ሳቅም ንዴትም መጣብኝ። በ2008 ዓ.ም. እኔም ይችኑ ጥያቄ ይዤ ነው ከጎንደር ዙሪያ የተነሣሁት። የቀበሌውን ስም አልጽፍም። የሚያውቀኝ ያውቀኛል።

ኮሚቴ አቋቁሙ፣ ማመልከቻ ጻፉ የሚለውን ሌሎቹ ነግረውሃል። እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርህ።

1. ጥያቄህን ለሁለት ክፈለው። ፍርስራሹ በቅርስ አዋጁ በ209/1992 ነው የሚዳኘው፤ በሩ ባህልና ቱሪዝም ነው። ጫካውና አውሬው ደግሞ በዱር እንስሳት አዋጁ በ541/1999 ይሄዳል፤ በሩም ሌላ ነው። እኛ ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ጻፍን። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው መራን፣ ያኛው መልሶ ላከን። አምስት ወር እንደ ኳስ ተንከባለልን።

የሀገር ነው የክልል የሚለውን ደግሞ አዋጅ 839/2006 ይለያል። የሀገር አቀፍ ደረጃ ያለው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የክልል ከሆነ ባሕር ዳር ነው ነገሩ የሚያልቀው። ፓርክም ቢሆን እንደዚያው ነው። ሁለት ክልል የሚነካው ወይም እንደ ስሜን ተራሮች ፓርክ ዓለም ያወቀው በፌዴራል ይተዳደራል፤ ሌላው ለክልሉ ይተዋል። የአንተው የክልል ይመስለኛል።

2. ቦታው የደብር ይዞታ የሚነካ ከሆነ ከወረዳ በፊት ሰበካ ጉባኤውን አናግር። ካህናቱ በኋላ የሰሙት ነገር አይሳካም።

3. ምዝገባ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ከወረዳ ባለሙያ መጣ፤ ልጁ ጎበዝ ነበር። ፎቶ አነሣ፣ ግድግዳውን ለካ፣ ቅጹን ሞላ፣ ሄደ። ከሦስት ወር በኋላ «ተመዝግቧል» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደረሰን። እኛም በግ አርደን በላን። እውነቴን ነው፣ በግ አርደናል! ነገሩ ያለቀ መስሎን ቁጭ አልን።

በ2010 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ሲኖትራክ እያጓራ ከግንቡ ሥር ቆመ። ለካ ቦታው መሬት ቢሮ ያለው ካርታ ላይ «የወል መሬት» ብቻ ነው የሚለው። ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ካባ፣ ማለት የድንጋይ ማውጫ፣ ሲጠይቁ ቦታው ተሰጣቸው። አንዱ የገዛ እህቴ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ወረቀት አለን» አለኝ፤ አለውም። የእኛ ወረቀት ግንቡ እንዳለ ይናገራል እንጂ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይናገርም። የሱ ግን በጂፒኤስ ነጥብ የተለካ ነው። እኔ እስክሮጥ የምዕራቡ ማዕዘን ተነሥቶ አለቀ። ጥርብ ድንጋይ ነበራ፤ ማን ይተዋል?

ወደ መሬት ቢሮው ሄድኩ። ሰውየው ከስልኩ ቀና ሳይል «ጋሼ፣ ድንጋይ ድንጋይ ነው» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ታሪክ ላስተማረ ሰው! ደብዳቤዬን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጌ ወጣሁ። ዘጠኝ ጊዜ ተመላለስኩ። በአሥረኛው ያ ሰው ተቀይሮ ነበር። በቦታው የተተካችው ልጅ ጉዳዩን በግማሽ ቀን ጨረሰችው፤ ዕድሜ ይስጣት።

ስለዚህ ከምዝገባው ቀን ጀምረህ ወሰኑን አስለካ። የጂፒኤስ ነጥቡ በቃለ ጉባኤ ይግባ፤ የወረዳው ምክር ቤት ያጽድቀው፤ መሬት ቢሮው በራሱ ካርታ ላይ ይመዝግበው። አንዱ ከጎደለ የለህም ማለት ነው። በቅርስ አዋጁ ደግሞ የተከለለ ሥፍራ የሚባል አለ። እሱን የሚያውጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፣ በነጋሪት ጋዜጣ። ከታወጀ ያለ ፈቃድ ቤት መሥራትም መንገድ መቁረጥም መቆፈርም አይቻልም። እኛ እዚያ አልደረስንም። አንተ ብትደርስ በጉን እኔ አርዳለሁ።

ገበሬውን አትርሳ። እኛ ችካል ልንተክል ስንወጣ «መሬታችሁን ሊወስዱ ነው» የሚል ወሬ ቀድሞን ነበር። የይዞታ ደብተሩን ብብቱ ሥር ይዞ የወጣ ሽማግሌ አለ። ቁጭ ብለን ማሳ በማሳ አስረዳን፤ ሁለት ቦታ ላይ ወሰኑን ወደ ውስጥ መለስነው። 23 አባወራ ፈረመ። በዚህ እኮራለሁ። ስሜንን እይ። በ1962 ዓ.ም. ፓርክ ሲባል ሰው በውስጡ እየኖረ ነበር። በፈረንጆቹ 1996 አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። በመካከሉ ወሰኑ እንደገና ተሰመረ፣ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሰውም ወደ ደባርቅ ተነሣ። መጀመሪያ ከሰዉ ጋር ተማክረው ቢያሰምሩት ይሄ ሁሉ ባልመጣ እላለሁ።

የጎንደሩን የፋሲል ግንብም ነገር ሰው ግቢው ብቻ ይመስለዋል። የዓለም ቅርስ መዝገቡ ላይ ስምንት ቦታ ነው፤ የእንፍራዙ ጉዛራም ጎርጎራም አሉበት። ተበታትኖ ያለ ቅርስ እያንዳንዱ የራሱ ወሰን ይፈልጋል። የአንተ ግንብና ጫካ ከተራራቁም እንዲሁ።

4. ግድግዳውን እንዳትነኩ። የእኛ ልጆች የፈረሰውን ሊጠግኑ ሲሚንቶ ገዝተው ነበር፤ ለጥቂት ነው የደረስኩት። ያለ ፈቃድ ጥገና ክልክል ነው። ደግሞ የጎንደር ግንብ በኖራ የተሠራ ነው። ጣሊያን በሲሚንቶ የጠጋገነውን በኋላ አንሥተው በኖራ ለመመለስ ስንት ደከሙበት።

ገቢውን ማን እንደሚይዝ አንድ ቱሪስት ሳይመጣ ጻፉት። ለቀበሌው ስንት፣ ለደብሩ ስንት፣ ለጠባቂው ስንት። ጠባቂያችን ዛሬ ማን መሰለህ? የእህቴ ልጅ። ካባው ወደ ታች ወደ ወንዙ ዞረለትና እሱ ግን እኛ ጋ ቀረ። ማዕዘኑ ላይ የነበረው ድንጋይ የማን አጥር ውስጥ እንዳለም ያውቃል፤ እስካሁን አልነገረኝም።

የቃለ ጉባኤያችን ኮፒ አለኝ። የገበሬዎቹን ስም ሸፍኜ እልክልሃለሁ፤ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።