ሥልጠና የጠፋ የማስተማር ፍቅርን ይመልሳል ወይ? ከራሴ ልምድ የተሰጠ መልስ

ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። 11 ዓመት ካስተማሩ በኋላ ክፍል ለመግባት እግርዎ እንደሚከብድ፣ ትምህርቱን በቃልዎ እንደሚወጡት፣ ተማሪዎቹ ግን ፊትዎ ተቀምጠው እንኳ የሌሉ ያህል እንደሚሆኑብዎ ጽፈዋል፤ አንድ ሙያዊ ሥልጠና ቀርቦልዎትም «የጠፋብኝን ፍቅር ይመልስልኛል ወይስ የዕረፍት ቀኖቼን ይበላብኛል?» ብለዋል። እኔ 19 ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሁለቱም ደርሶብኛል። ልዩነታቸው የቱ ላይ እንደሆነ እስኪገባኝ ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ዕረፍቴን የበላውን ባጭሩ ልናገር። ተማሪን ስላማከለ ትምህርት ሦስት ቀን ሙሉ ገለጻ ተደረገልን፤ እኛ ትንፍሽ ሳንል፣ ከፓወርፖይንት ላይ እየተነበበልን ማለት ነው። (ነገሩ ምን ያህል እንደሚያስቅ ለአሠልጣኙ የታየው አይመስለኝም።) በመጨረሻው ቀን ስለ መምህርነት ክቡርነት ልብ የሚነካ ንግግር ተደረገ፣ አጨበጨብን፣ ሰርተፍኬታችንን ይዘን ተበተንን። ስሜቱ እስከ ሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ቆየልኝ። ከዚያ በኋላ እንዲያውም ባሰብኝ፤ ይህን ሁሉ ተነግሮኝ ካልተነሣሣሁ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በቃ አልቆልኛል ብዬ ደምድሜ ነበርና።

ሁለተኛው ከዚህ ሁለት ዓመት ዘግይቶ የመጣ ሲሆን ስለ ፍቅርም ሆነ ስለ ክብር አንድም ቃል አልተነገረበትም። ስምንት የሒሳብ መምህራን ነበርን፤ አንድ መንፈቅ ዓመት ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ ለሁለት ሰዓት እየተገናኘን፣ በመካከሉ ወደየክፍላችን ተመልሰን አንዲት ነገር ብቻ እየሞከርን እንመለስ ነበር። የመጀመሪያው የቤት ሥራችን የራሳችንን ክፍለ ጊዜ ሩብ ሰዓት ያህል በስልክ ቀድተን ለብቻችን ማዳመጥና ከጥያቄያችን በኋላ ዝም ብለን የምንቆይበትን ጊዜ መቁጠር ነበር። ማሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመችው ሥራ፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝም፣ ዝም የሚሉትም ተማሪዎች ቁጥር እንደሚቀንስ አሳይታ ነበር። አሠልጣኛችን ይህን የነገረችን ቅጂያችንን አዳምጠን ከመጣን በኋላ ነው፤ በዚህም አመሰግናታለሁ፣ ቀድማ ብትነግረን ኖሮ «እኔስ እጠብቃለሁ» ማለቴ አይቀርም ነበር። ቅጂው ላይ የሰማሁት ራሱ ጠይቆ ራሱ የሚመልስ፣ የራሱ ድምፅ የሰለቸው ሰው ነው። ለካ ተማሪዎቼ ዝም አላሉም፤ ዝም የማሰኛቸው እኔ ነበርኩ።

ቀጣዩ ሙከራ ክፍልፋይ መደመር ላይ ደረሰ። አንድ ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ½ + ⅓ = ⅖ ብሎ ጻፈ። ይህን ስህተት በየዓመቱ አየዋለሁ፤ የዘወትር ምላሼም ጠመኔውን ተቀብሎ «መጀመሪያ ታችኛውን ቁጥር እናመሳስላለን» እያሉ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ጊዜ ማሳየት ነበር፣ በውስጤ እየተበሳጨሁ። በዚያ ቀን ግን በሥልጠናው በተስማማነው መሠረት «እንዴት አገኘኸው?» አልኩት። «የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደመርኩ» አለኝ፣ ምን ይጠየቃል በሚል ዓይነት። «መልካም። ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብዬ ጠየቅሁና በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። አራት ስደርስ እጄ ወደ ጠመኔው ይሄድ ስለነበር ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ልጁ ሰሌዳውን እያየ ቆየና «ያንሳል» አለ፤ ወዲያው ዞር ብሎ፣ ለእኔ ሳይሆን ለጓደኞቹ፣ «እንዴ! ግማሽ ላይ ጨምሬበት እንዴት አነሰ?» አላቸው። ክፍሉ ተነሣ። ከኋላ ወንበር ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼ የማላውቃት ልጅ «ቁራጮቹ እኩል አይደሉማ፣ እንዴት አብረህ ትቆጥራቸዋለህ?» አለች። ታችኛውን ቁጥር የምናመሳስልበትን ምክንያት በእኔ አፍ ከተነገረው ሁሉ በተሻለ ተናገረችው።

በዚያ ምሽት ደብተር ሳርም ስህተት እየፈለግሁ ተገኘሁ። ለማረም ሳይሆን ልጁ ምን አስቦ ነው እዚህ የደረሰው የሚለውን ለማወቅ ነው። ድካሜ አልቀነሰም፤ መሰላቸቴ ግን ቀንሶ ነበር። እነዚህን ሁለቱን ለያይቶ ማየት እንደሚቻል ያወቅሁትም ያኔ ነው።

እንግዲህ ከጥያቄዎ ጋር የሚገናኘው ዋናው ነገር ይህ ነው። ቶማስ ጋስኪ የተባለ የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረበው ሐሳብ አለ፤ ብዙ ሥልጠናዎች መጀመሪያ የመምህሩን አመለካከት ለመለወጥ ይደክማሉ፣ ነገር ግን አመለካከት በአብዛኛው የሚለወጠው በመጨረሻ ነው፤ መምህሩ አሠራሩን ይለውጣል፣ የተማሪዎቹ ውጤት ሲለወጥ በዓይኑ ያያል፣ ከዚያ በኋላ ማመን ይጀምራል ይላል። ፍቅርም በእኔ ግምት በዚሁ መንገድ ነው የሚመጣው። በንግግር የተቀሰቀሰው ሰኞ ረፋድ ላይ በረደብኝ፤ ያቺ «እንዴ!» ግን እስከ ዛሬ አብራኝ አለች። ስለዚህ ሥልጠናው ልብዎን እስኪያሞቅልዎ ባይጠብቁ፣ ልብዎ እንደቀዘቀዘም ቢሆን አንዲት ነገር ይዘው ክፍል ቢገቡ ይሻላል እላለሁ።

ሌላው ሥልጠናው የሰጠኝ ነገር ባልደረባ ነው። መምህር ቀኑን ሙሉ በሰው ተከብቦ የሚውል ብቸኛ ሰው ነው፤ በሩን ዘግቶ ያስተምራል፣ ክፍሉ የሚገባ ትልቅ ሰው ቢኖር ሊገመግመው የመጣ ነው። ጃፓናውያን መምህራን «ጁግዮ ኬንክዩ» በሚሉት የቆየ አሠራር አንድን ትምህርት አብረው ያቅዳሉ፣ አንደኛቸው ሲያስተምር ሌሎቹ ተቀምጠው ያያሉ፣ በኋላም ይወያያሉ፤ ዓይናቸው በተለይ የሚያርፈው ግን ተማሪው እንዴት እንደሚያስብ ላይ ነው። እኛም በሥልጠናው መጨረሻ ሁለት ጊዜ ሞከርነው። የመጀመሪያው ቀን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያስተማርኩት። ውይይቱ ላይ ግን ስለ እኔ ማንም አልተናገረም፤ «ያ ግራ ጥግ የተቀመጠው ልጅ ሥዕሉን ሦስት ጊዜ አጥፍቶ ሣለው፣ ምን ፈልጎ ይመስላችኋል?» የሚል ክርክር ተነሥቶ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። መምህራን ስለ ሙያቸው እንዲህ በጉጉት ሲከራከሩ የሰማሁት ከተማሪነት ዘመኔ ወዲህ ያኔ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳልሸሽግ ልናገር። ክርስቲና ማስላክና ባልደረቦቿ የሥራ መዛልን ሲያጠኑ ሦስት ገጽታ እንዳለው አስቀምጠዋል፤ የስሜት መሟጠጥ፣ ከሚያገለግሉት ሰው መራቅ፣ የሚሠሩት ሥራ ፍሬ የለውም ብሎ ማሰብ። ጥሩ ሥልጠና ሦስተኛውን በሚገባ ይረዳል፣ ሁለተኛውንም የተማሪን አስተሳሰብ መልሶ ስለሚያሳይ ያለዝባል። ከአቅም በላይ በሆነ የክፍለ ጊዜ ብዛት፣ በተጨናነቀ ክፍል ወይም በማይበቃ ደመወዝ የመጣውን መሟጠጥ ግን ሥልጠና አይፈውሰውም፤ እንዲያውም ሌላ ሸክም ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ ከራቀዎት፣ እሑድ ማታ ደረትዎን ከጨነቀዎት፣ አስቀድመው የሚያስፈልግዎ ዕረፍትና የሐኪም ምክር ነው፤ የሥራ ጫናው ጉዳይም ከኃላፊዎችዎ ጋር በግልጽ መነጋገርን ይጠይቃል።

የእርስዎ ችግር ከመሰላቸቱ የሚያጋድል ከሆነ (አጻጻፍዎ እንደዚያ ይመስለኛል)፣ ከመመዝገብዎ በፊት አዘጋጆቹን ይጠይቁ። በስብሰባዎቹ መካከል ወደ ክፍል ተመልሶ የመሞከሪያ ጊዜ አለው ወይ? የተማሪዎቻችንን ሥራ ይዘን እንመጣለን ወይ? ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት የሚያስተምር ሰው ይኖራል ወይ? ለሦስቱም «የለም» ከተባሉ፣ በእኔ በኩል የዕረፍት ቀንዎን ባይሰጡት እመርጣለሁ። ለሁለቱ እንኳ «አዎ» ካሉዎት ይግቡበት። እስከዚያው ግን ስልክዎን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሩብ ሰዓት ይቅዱና ሰከንዶቹን ይቁጠሩ፤ ቅጂውን ለማንም ማሰማት የለብዎትም፤ ስንት ሰከንድ እንዳገኙ ብቻ እዚህ ቢጽፉልን ደስ ይለኛል።