የደንበኛ ስጦታ ከመዝገቡ ይጀምራል

ይድረስ ለሽያጭ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ ወጣቶች፤

በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ የሽያጭ ክፍል ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቼ በቅርቡ በጡረታ ተሰናብቻለሁ። ሐምሌ በገባ ቁጥር አንዳንዶቻችሁ እየደወላችሁ «ለበዓል ለደንበኞቻችን ምን ብንሰጥ ይሻላል?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን «ምን» ከማለታችሁ በፊት «ለማን» ብላችሁ እንድትጀምሩ አደራ እላችኋለሁ፤ ይህን ቅደም ተከተል በማዛባቴ የፈጸምኩት ስህተት እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣምና።

የክፍሉ ኃላፊ በሆንኩበት የመጀመሪያ ዓመት ለእንቁጣጣሽ በግ ልንሰጥ ተወስኖ ነበር፤ እኔም የደንበኞቻችንን ዝርዝር በዓመቱ ግዢ ብዛት አስደርድሬ ከላይ ያሉትን ሃያ ስሞች ብቻ ያዝኩ። ጳጉሜን 4 ቀን በጎቹ በግቢያችን አይሱዙ ላይ ሲጫኑ፣ ሉማሜ ላይ አነስተኛ ዳቦ ቤት ያላቸው አንዲት እናት የሳምንታቸውን አምስት ኩንታል የፉርኖ ዱቄት ሊወስዱ መጡ። በጎቹን አዩ፤ ለማን እንደሚሄዱም ከጫኙ ልጅ ሰሙ። ገንዘባቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ከፈሉ፣ ደረሰኙን አጥፈው እዚያው ቋጠሩና «እንኳን አደረሰህ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ። እኚህ ሴት አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከእኛ ሌላ ዘንድ ዱቄት ገዝተው አያውቁም። ማሽናችን ተበላሽቶ ሁለት ወር በግማሽ አቅም ስንሠራ ከሃያዎቹ የሚበዙት ወደ ሌላ ፋብሪካ ሲሄዱ፣ እሳቸው ግን ከአምስቱ ኩንታል ሁለቱን ብቻ እየወሰዱ ተራቸውን ጠብቀዋል። በእኔ ዝርዝር ውስጥ ግን ስማቸው ወደ ታች ወርዶ ነበር።

ትልቅ ደንበኛ ሌላ ነው፤ ታማኝ ደንበኛ ሌላ ነው። ለትልቁ የዋጋ ቅናሽና የዱቤ ጊዜ ይሰጠዋል፤ የበዓል ምስጋና ግን በመጀመሪያ የሚገባው ለታማኙ ነው። ስለዚህ መዝገቡን ስትከፍቱ የብሩን ድምር ብቻ አትመልከቱ፤ ደንበኛው ስንት ዓመት እንደቆየ፣ በዓመት ውስጥ ሳይገዛ ያለፈበት ወር ስንት እንደሆነ፣ በእጥረት ጊዜ የት እንደነበር ተመልከቱ። ከዚያም ሾፌሩንና ገንዘብ ተቀባይዋን ጠይቁ፤ እነሱ የሚያውቁት በመዝገብ አይገኝም።

ለማን እንደምትሰጡ ካወቃችሁ በኋላ ቀኑን አስቡ። በእኛ አገር ስጦታ ከጾምና ከበዓል ሊነጠል አይችልም። ለገና የሚሆን ቅቤና እንቁላል የገባበት ኬክ ታኅሣሥ 20 ቀን የሚያደርስ ሰው፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያትን ጾም ለያዘው ቤተሰብ ዘጠኝ ቀን የሚደርቅ ነገር አስቀመጠ ማለት ነው። በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ገና የሚውለው በታኅሣሥ 28 ስለሆነ፣ በለመደው ቀን የሚሄድ ሰው በበዓሉ ዕለት ሊደርስ ይችላል። ሙስሊም ደንበኛችሁን በኢድ አልፈጥር ወይም በአረፋ እንጂ በገና አትጠብቁት፤ እነዚህ በዓላት በየዓመቱ በአሥራ አንድ ቀን ገደማ ቀደም ብለው ስለሚመጡ ቀኑን በየዓመቱ ማጣራት ያስፈልጋል። በግ ከሰጣችሁም ከነነፍሱ ስጡ፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን እርድ እንደማይበላ እያወቁ የታረደ ሥጋ መላክ ማክበር አይደለም።

ከስጦታዎች ሁሉ እኔ የማደላው ለማር ነው። የጎጃም ማር በሁሉም ቤት የተወደደ፣ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ማዕድ የሚቀርብ ነው። ነገር ግን ወቅት አለው፤ ዋናው ቆረጣ አደይ አበባና መጭ አብበው ካለፉ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ስለሆነ፣ በነሐሴ ገበያ የምታገኙት በአብዛኛው የከረመ ነው። ስለዚህ ማርን ለገና አስቡት፤ ለእንቁጣጣሽ ሌላ ፈልጉ። በኅዳር ራሳችሁ ወደ ገጠር ወጥታችሁ ከአንድ ከምታውቁት ገበሬ ከነሰፈፉ ግዙ፤ የብዙ ሰው ማር አታደባልቁ፣ ስኳር የገባበት የሚገኘው ብዙ ጊዜ እጅ የበዛበት ማር ላይ ነውና። ገበሬው ደረሰኝ ስለሌለው ስሙንና መጠኑን የያዘ የክፍያ ሰነድ አስፈርሙ። ዕቃውን እስከ አፉ አትሙሉ፤ በመንገድ ላይ ፈስሶ የተጣበቀ ክዳን የያዘ ስጦታ ደስታን ያጎድላል። ማሩ በደብረ ማርቆስ ብርድ ከረጋም ተፈጥሮው መሆኑን ለተቀባዩ ንገሩት። የስኳር ሕመም ላለበት ደንበኛ ግን ማር አትውሰዱ፤ ቡና ውሰዱለት፣ ወይም ዕድሜው ከገፋ ጋቢ አሠሩለት።

ጋቢ በአራት የሚደረብ ልብስ ስለሆነ ሽማኔው ጊዜ ይፈልጋል፤ ለመስከረም የሚሆነውን ሰኔ ላይ እዘዙ። የድርጅቱን ዓርማ ግን አታስጠልፉበት። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ለአረጋዊ ደንበኛ በጋቢው ጥለት ላይ የእኛን ስም አስይዞ ቤተ ክርስቲያን መላክ ምስጋናውን ወደ ማስታወቂያ ስለሚለውጠው ነው። የስም ቦታው የግድግዳ ካላንደር ነው፤ እሱም ቢሆን ጳጉሜን ሳይገባ ከደንበኛው ሱቅ መድረስ አለበት፤ አዲስ አበባ ታትሞ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ መስከረም 10 የሚመጣ ካላንደር የሌላ ድርጅት ካላንደር የተሰቀለበት ግድግዳ ነው የሚጠብቀው።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ግዢ ሠራተኞች በግል ምንም አትስጡ። ሆስፒታሉም ሆነ ዩኒቨርሲቲው ደንበኛችሁ ቢሆን፣ ምስጋናው ለመሥሪያ ቤቱ በተጻፈ ደብዳቤ ይቅረብ። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ጉቦን በብርቱ የሚቀጣ ነው፤ እናንተ ምስጋና ያላችሁት ነገር የአንድን ሐቀኛ ሠራተኛ ስም ሊያጠፋ ይችላል።

አድራሹም ይታሰብበት። «ከፍትፍቱ ፊቱ» እንደሚባለው ስጦታው በፌስታል ተጠቅልሎ በሾፌር እጅ ሲላክ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ኃላፊው ራሱ ይሂድ፤ ዱቤ የሚሰበስበው ሠራተኛ ግን ስጦታ ይዞ አይሂድ፣ በዚያ ሳምንትም ስለ ቀሪ ሂሳብ አይነሳ። በበሩ የገባውን ሰው «ምን ሊጠይቀኝ ነው» ብሎ የሚፈራ ደንበኛ የማሩን ጣዕም አያገኘውም።

በቀጣዩ ዓመት ጳጉሜን 2 ቀን ጋቢ አሠርቼ ራሴ ወደ ሉማሜ ወረድኩ። እትዬ ከምድጃው ፊት ነበሩ፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ድረስ ዱቄት ነበር። ጋቢውን እንዳያቆሽሹት ብለው በእጃቸው ሳይነኩ ትከሻቸውን አዘንብለው ተቀበሉኝና እኔው አለበስኳቸው። ስላለፈው ዓመት ልናገር አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። «ያ ማሽናችሁ አሁን ደህና ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።