መጀመሪያ እጁን እዪ

ሰላም እህቴ። “ረቂቅ ሥዕል ፊት ስቆም ምንም አይታየኝም። ኮርስ ለመውሰድ ጊዜም ገንዘብም የለኝም። ፊልም በማየት መማር ይቻላል ወይ?” ብለሽ ጠይቀሻል። ይቻላል። እኔም በአብዛኛው የተማርኩት እንደዚያ ነው። የፊልሙ ምርጫ ግን ይወስነዋል።

ተዋናይ ሠዓሊ ሆኖ የሚጫወትባቸው የሕይወት ታሪክ ፊልሞች ለጊዜው ይቆዩሽ። ፍቅሩን፣ ስካሩንና ድህነቱን ታውቂያለሽ፤ ሥዕሉ ግን እንደተቆለፈ ይቀራል። የሚጠቅምሽ ሠዓሊው ራሱ ሲሠራ የሚታይበት ዶክመንተሪ ነው። ሸማኔ ሲሠራ ተቀምጦ ያየ ሰው ጥለት ሲያይ ዐይኑ ሌላ ነው፤ እዚህም እንደዚያው።

“የፒካሶ ምስጢር” ከሚባለው ጀምሪ። ክሉዞ የሚባል ፈረንሳዊ ዳይሬክተር የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣ ፊልም ነው። ፒካሶ ቀለሙ ወደ ጀርባ በሚያልፍ ወረቀት ላይ ይስላል፤ ካሜራው ከጀርባ ሆኖ ይቀርጻል። በእነዚህ ክፍሎች ሰውየው አይታይም። መስመሩ ብቻ ከነጩ ወረቀት ላይ ብቅ ብቅ ይላል። አበባ የነበረው ዓሣ ይሆናል፣ ዓሣው ዶሮ፣ ዶሮዋ ደግሞ ፊት። ወደ መጨረሻ አንድ ትልቅ የባሕር ዳርቻ ሥዕል ይይዝና ደጋግሞ ያፈርሰዋል። እኔ “ኧረ ተው፣ አልቋል እኮ!” እያልኩ ከስክሪኑ ጋር ተጨቃጭቄያለሁ። ሥዕል ማለት የውሳኔ ክምር መሆኑ የገባኝ እዚያ ነው። ያማረውን ቦታ ማጥፋትም አንዱ ውሳኔ ነው።

ካሜራ ግን ይዋሻል። በዚሁ ፊልም በጥቂት ደቂቃ ያለቀ የሚመስል ሥዕል አምስት ሰዓት እንደፈጀ እዚያው ይነግሩሻል።

ቀጥሎ ፎቶግራፍ አንሺው ሃንስ ናሙት አሜሪካዊውን ረቂቅ ሠዓሊ ጃክሰን ፖሎክን የቀረጸበትን ፊልም እዪ። 10 ደቂቃ ገደማ ቢሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ኒው ዮርክ አጠገብ ባለችው ሎንግ አይላንድ፣ ፖሎክ ቤቱ አጠገብ ነው የተቀረጸው። ሸራው መሬት ላይ ተነጥፏል። ፖሎክ ዙሪያውን እየዞረ ቀለሙን በዱላና በደረቀ ብሩሽ ያንጠባጥባል። “ይሄንንማ ልጄም ይሠራዋል” ለሚሉ ዘመዶች የማሳየው ይህንን ነው። ክንዱን እዪው። ሲፈጥን መስመሩ ይቀጥናል፣ ሲዘገይ ይወፍራል። ሰውየው ድንገት የወደቀ ቀለም እየለቀመ አይደለም፤ ፍጥነቱን እየመጠነ ነው። መጨረሻ ላይ በመስታወት ላይ ሲሠራ ናሙት ከሥር ሆኖ ይቀርጸዋል። ቀረጻው ያለቀ ዕለት ፖሎክ ትቶት የነበረውን መጠጥ እንደጀመረ ይነገራል። ሰው እያየህ መሥራት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው፣ ስለ ጀርመናዊው ሠዓሊ ጌርሃርድ ሪሽተር በተሠራው ዶክመንተሪ ላይም ሽማግሌው ካሜራው እንዳስጨነቀው ፊት ለፊት ይናገራል። እሱን ለኋላ አቆዪው። ረጅምና ዝግተኛ ነው፤ በትልቅ ሰሌዳ እርጥብ ቀለም ሲጎትት ብዙ ታያለሽ። የኔ ቤት ሰዎች ግማሹ ላይ ተኝተዋል።

ፊልሞቹን እንዴት እንደምታዪ አንድ ነገር ልንገርሽ። መጀመሪያ ድምፁን ዘግተሽ እዪ። ተራኪው ሲያወራ ጆሮሽ ይቀድምና ዐይንሽ ሥራ ይፈታል። መሐል ላይ አቁሚውና “አሁን ምን ሊያደርግ ነው?” ብለሽ ገምቺ። ብዙ ጊዜ ትሳሳቻለሽ፤ ችግር የለውም። ድምፁን ሁለተኛ ጊዜ ስታዪ ክፈቺው።

ከእኛ ሰው ደግሞ ጁሊ ምሕረቱን አትለፊ። እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ የተወለደች፣ አሜሪካ ያደገች ሠዓሊ ናት። “አርት ትዌንቲ ዋን” የሚባለው የአሜሪካ ተከታታይ ፕሮግራም ስለ እሷ የሠራቸው ክፍሎች ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ። ከረዳቶቿ ጋር 24 ሜትር ገደማ የሚረዝም ሥዕል ስትሠራ ታያለሽ። የሕንፃ ንድፍ ይሣላል፣ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ አክሪሊክ የሚባል ቀለም ይቀባል፣ ይሞረዳል፣ እንደገና ይሣልበታል። ሥዕሉን ብቻ ስታዪ ትርምስ የሚመስለው ነገር ተራ በተራ የተነባበረ መሆኑን ትረጃለሽ።

አዲስ አበባ ከሆንሽ ከፊልሙ በኋላ በቶሎ ወደ እውነተኛ ሥራ ሂጂ፤ ስክሪን የቀለሙን ውፍረት አያሳይም። በሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመ ሙዚየም አለ። ክፍት የሚሆንበትን ሰዓት አስቀድመሽ ጠይቂ። የኢትዮጵያዊው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ሥራ ከገጠመሽ ደግሞ ከሩቅ አትዪው፤ ተጠጊ። ከመርካቶው ምናለሽ ተራ የተለቀመ የኤሌክትሪክ ሽቦ እየተጠለፈ፣ የኮምፒውተር ኪቦርድ ቁልፍ እየተደረደረ እንዴት ሥዕል እንደሆነ የሚታየው በቅርብ ነው። ሸራ ፊት ስትቆሚም “ምን ማለት ነው?” ከማለትሽ በፊት የትኛው ቀለም መጀመሪያ እንደተቀባ፣ የትኛው በላዩ እንደመጣ ፈልጊ። ጠርዙ ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ሠዓሊዎች እዚያ ጋ ብዙም አይደብቁም።