የቤዝቦል ቡድን ኳስ መምታት ያቃተውን ተጫዋች ለምን አያሰናብተውም?

ዋናው ምክንያት ኮንትራቱ ነው። በሜጀር ሊግ ቤዝቦል (በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) ቡድኑ ቢያሰናብተውም የቀረውን ደሞዝ ይከፍለዋል። ‹‹ታዲያ ወደ ታችኛው ሊግ ያውርዱት›› የሚባለውም ሁልጊዜ አይሠራም። 5 ዓመት ያገለገለ ተጫዋች አልወርድም ማለት ይችላል፤ ደሞዙም አይነካም።

የባልቲሞር ኦሪዮልሱን ክሪስ ዴቪስ ተመልከት። በ2016 የ7 ዓመት፣ የ161 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት ፈረመ። ከ2018 መጨረሻ እስከ 2019 መጀመሪያ በተከታታይ 54 የመምታት ሙከራ አንድም ሂት (ቤዝ ላይ የሚያደርስ ምት) አጣ። ቡድኑ ግን ማሰለፉን አልተወም። በመጨረሻ ቦስተን ላይ ሲቀናው በምቱ ሁለት ሯጮች አስገብቶ ለቡድኑ ሁለት ነጥብ አስገኘ። እኔ እንኳን ደስ አለኝ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ በኤፕሪል፣ ማለትም በውድድር ዓመቱ መጀመሪያ፣ ቁጥር ብቻ አትፍረድ። እኔ ፈርጄ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ። 50 ሙከራ በጣም ትንሽ ነው። ይልቅ ኳሷን አጥብቆ እየመታ መሆኑን እይ።