«አምላኬ የት ነህ?» ማለት እምነት ማጣት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ባለቤቴ ኩላሊቱ ከደከመ ወዲህ በሳምንት ሁለት ጊዜ እጥበት ይሄዳል። ያለንን ሸጠን ጨርሰናል። ማታ ዳዊቴን ስከፍት እንቅልፍ ይጥለኛል። ስነቃ ደግሞ «አምላኬ የት ነህ?» እያልኩ አለቅሳለሁ። ጎረቤቶቼ «አታማርሪ፤ እምነትሽ ቢጠነክር ኖሮ ይድን ነበር» ይሉኛል። እውነት ጥፋቱ የእኔ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እኅቴ። ባልሽ የታመመው በአንቺ እምነት ማነስ አይደለም። ኢዮብንም ወዳጆቹ እንዲህ ነበር ያሉት። ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ሲቀመጡ መልካም አደረጉ፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ቁስሉን አባሱበት። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው፤ የተወለደበትን ቀን እስኪረግም ባለቀሰው በኢዮብ ላይ አይደለም።

ሰኞ የሚጸለየውን የዳዊት ክፍል አስታውሺ። መዝሙር 12 «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምራል። ይህን ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ብላ ነው የሰጠችን። የሐሙሱ 87ኛው መዝሙር ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለቅሶ ነው፤ በጨለማ ያልቃል። እስራኤል በምድረ በዳ የተወቀሱት ስላለቀሱ አይደለም። በየድንኳናቸው ገብተው «እግዚአብሔር ስለጠላን ነው ከግብፅ ያወጣን» እያሉ እርሱን ስላሙት ነው። አንቺ ግን የምታለቅሺው ወደ እርሱ ነው። «የት ነህ?» ብለሽ የምትጠይቂው እንደሚሰማሽ ስለምታምኚ አይደል?

ስለ እንቅልፉ ደግሞ ኤልያስን እይው። በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ያወረደው ነቢይ፣ ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ስትዝትበት እስከ ቤርሳቤህ ሸሸ። ብላቴናውን እዚያ ትቶ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ገባ። ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» አለ። ከዚያ እንቅልፍ ጣለው። እግዚአብሔርም መልአኩን ላከለት። መልአኩ አልገሠጸውም፣ ጸልይም አላለውም። ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። በራስጌው ትኩስ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣ፤ አሁንም «መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ» ነው ያለው። እግዚአብሔር «ኤልያስ ሆይ፥ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የጠየቀው ከ40 ቀን ጉዞ በኋላ በኮሬብ ተራራ ነው። እኔ ይህን ምዕራፍ ባነበብኩት ቁጥር የእግዚአብሔር ርኅራኄ ይገርመኛል። የደከመ ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚያስፈልገው ያውቃል።

ስለዚህ ዳዊቱ ላይ እንቅልፍ ከጣለሽ ተኚ። ማታ የማይሆን ከሆነ ጠዋት አንዲት መዝሙር ይበቃሻል። እጥበቱ እስኪያልቅ ወንበር ላይ በምትጠብቂበት ሰዓትም «እግዚኦ ተሣሃለነ» (አቤቱ ይቅር በለን) ማለት ትችያለሽ። ምግብ አትተዪ። የሕማምተኛና የአስታማሚ ጾም እንዴት እንደሚሆን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ በራስሽ አትወስኚ።

አንድ ነገር አደራ። «ጸበል ከጀመረ እጥበቱን ይተው» የሚልሽ ሰው ካለ አትስሚ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለመድኃኒቱን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ጸበሉም ሕክምናውም አብረው ይሄዳሉ። ግን እጥበት ላይ ያለ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠጣው ፈሳሽ ይመጠንለታል። ጸበሉ ከዚያ ልክ እንዳያልፍ ሐኪሙን ጠይቁ። ጥቂት ቢቀምስ፣ ሰውነቱን ቢረጭ በረከቱ አይጎድልበትም።

ብቻሽን አትሸከሚው። ኤልያስ «ብቻዬን ቀረሁ» ሲል እግዚአብሔር ለጣዖቱ ለበኣል ያልሰገዱ 7 ሺህ ሰዎች እንዳሉ ነገረው፤ ኤልሳዕንም ሰጠው። የጽዋ ማኅበር ካለሽ በግልጽ ንገሪያቸው። «ጸልዩልኝ» ብቻ ብለሽ አትመለሺ። «ማክሰኞ እጥበት የሚወስደው ሰው እፈልጋለሁ» በያቸው። ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ሲያውቅ ይመጣል። የባልሽንም የክርስትና ስም ለንስሐ አባትሽ ስጪ፤ በቅዳሴ ጸሎት ያስቡታል።